ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሚስኮል

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በመጣ ቀን ጣሪያ ላይ ያሉት ሮቶዎች ይሞላሉ፤ እስከሚቀጥለው ተራ በእነሱ እንቆያለን። አንድ ሰሞን ግን ሮቶዎቹ ገና በሁለተኛው ቀን ባዶ መሆን ጀመሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን ተጠራጠረ። "እገሌ መኪና ያጥባል፣ እነ እገሊት በየቀኑ ልብስ ያጥባሉ" መባባል መጣ። ሰላምታ የተዘጋጉም ነበሩ።

የምሠራው ስድስት ሰው ባለው ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። ነገሩን ቢሮ ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ "የሰው ሱቅ ሒሳብ ስንቆጣጠር እንውላለን፤ የራሳችንን ውሃ መቆጣጠር ያቅተናል እንዴ?" አለ። በዚያው ቅዳሜ ጀመርን።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ከሮቶው ክዳን ሥር የውሃውን ከፍታ በድምፅ ሞገድ የሚለካ ሴንሰር ሰቀልን። ቀን ፀሐይ ሮቶውን ስታግለው እንፋሎቱ ሴንሰሩ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። መረጃው የሚተላለፈው ደግሞ በዋይፋይ ስለነበር መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ እየኖርን ይህን አስቀድመን አለማሰባችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነበር። ከሮቶዎቹ ወደ ቤቶቹ በሚወርደው ዋና ቧንቧ ላይ የራሳችንን ቆጣሪ አስገጠምን። የውሃና ፍሳሽን ቆጣሪ አልነካንም፤ እሱ የእኛ ንብረት አይደለም። የእኛ ቆጣሪ 10 ሊትር ባለፈ ቁጥር አንድ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን በባትሪ የሚሠራ፣ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ ሳጥን ይመዘግባል።

ከዚያ በኋላ የተጠቀምነው የውሃ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ የሚያውቁትን ዘዴ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ያለማቋረጥ የሚፈስ ውሃ ካለ እየፈሰሰ ያለው በብልሽት ነው። የእኛ ሕንፃ በዚያ ሰዓት በደቂቃ 3 ሊትር ያፈስስ ነበር። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግን 4,320 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጄሪካን ሲቆጠር 216 ጄሪካን! ይህን ለኮሚቴው ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት እናት ብቻ "216?" ብለው ደገሙት። እሳቸው በጀርባቸው ጄሪካን ተሸክመው ያደጉ ሰው ናቸው።

ከዘበኛችን ከጋሼ ጋር ሁለት ሌሊት ፍለጋ አደረግን። እሳቸው የየፎቁን የውሃ መዝጊያ ይዘጋሉ፣ እኔ ቆጣሪውን አያለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሲዘጋ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወረደ። ነግቶ የአንዱን ቤት በር አንኳኳን። ሽንት ቤት መቀመጫው ላይ ባለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨመርን፤ ውሃ ሳንለቅ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ቀለሙ ራሱ ወደ ታች ወረደ። ሳጥኑ ውስጥ ውሃውን የሚያግደው ጎማ አርጅቷል። የቤቱ ባለቤት እማማ "ልጄ፣ እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ዝናብ የሚዘንብ ይመስለኝ ነበር" አሉኝ።

እንደዚያ ያሉ ሰባት ሽንት ቤቶች አገኘን። ከግድግዳ ጀርባም አንድ የተሰነጠቀ ቧንቧ ነበር። መኪና የሚያጥበው ሰው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ኮሚቴው ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቀው፤ ለእኔ ከውሃው እኩል ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለነዋሪው የሚያምር አፕ ሠራን፤ ግራፉ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚከፍተው ሰው ጠፋ። ወደ ጽሑፍ መልእክት ዞርን። በፊደላችን የሚጻፍ መልእክት በአንዱ 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የላቲኑ 160 ሲሆን። ያንንም አሳጥረን ላክን። የጋሼ አሮጌ ስልክ ግን አማርኛውን ባዶ ሳጥን ሳጥን አድርጎ አሳያቸው። ያን ቀን እሳቸው ራሳቸው መፍትሔውን ነገሩኝ። "ኢንጂነር፣ ለምን ዝም ብሎ ሚስኮል አያደርግልኝም?"

አሁን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሌሊት ቆጣሪው ከልኩ በላይ ከቆጠረ ሳጥኑ ለጋሼ ሚስኮል ያደርጋል። ገንዘብም አያስወጣም።

በኬንያ ኪዩሶ አካባቢ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ ፓምፕ እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴውን በሞባይል የሚልክ መሣሪያ አስገብተው ነበር። የተበላሸ ፓምፕ ለመጠገን በአማካይ 27 ቀን ይፈጅ የነበረው ከ3 ቀን በታች ሆነ። ታሪኩ ሲወራ መሣሪያው ብቻ ነው የሚነሳው። ፓምፑ ቆሟል ሲባል የሚሄድ፣ ለዚሁ የተመደበ ጠጋኝ ግን ነበር። የእኛም ሕንፃ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ድርጅታችን ዛሬ መሣሪያ ብቻ አይሸጥም። ውሉ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ክፍያ ካልገባ ሥራውን አንቀበልም። ደንበኛ አጥተንበታል፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችም ስለ ውሃ ቃል ገብተዋል። ማይክሮሶፍት በ2020 (እ.ኤ.አ.) እስከ 2030 ድረስ ከሚጠቀመው በላይ ውሃ እንደሚመልስ አስታውቋል። ጎግልም እስከ 2030 ድረስ የሚጠቀመውን 120 በመቶ እመልሳለሁ ብሏል። ጥሩ ነው። ውሃ ግን እንደ ብር ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ሌላ ወንዝ ላይ የተመለሰ ውሃ፣ ሰርቨር የሚባሉትን የድርጅቶቹን ትልልቅ ኮምፒውተሮች ለማቀዝቀዝ ውሃው ለተወሰደበት መንደር አይደርሰውም። መለካት ያለበት እዚያው የተቀዳበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። የአቃቂው ደግሞ ከዝቅታ ወደ ላይ ተገፍቶ ነው የሚመጣው፤ እማማ ቤት ያለቀው ውሃ መብራትም ተቃጥሎበታል።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳጥኑ ደወለ። ጠዋት ስወርድ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ያረጀ ጎማ ይዘዋል። "ሁለተኛ ፎቅ ነው" አሉኝ። "ቀይሬዋለሁ፤ ሂድ ሥራህ።"