የኮሚናሏ ኪራይ ስንት ነው? የክራሩስ?

ሰሞኑን እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ክርክር ተነስቷል። ከብሎኮቹ መሃል ያለችውን ኮሚናል (የነዋሪውን የጋራ ቤት) ቅዳሜና እሁድ ልጆች ክራርና ውዝዋዜ ይለማመዱባታል፣ ቴአትርም ያጠኑባታል። አንዳንድ ነዋሪዎች «ለመጋዘን እናከራያትና ብሩ ለጥበቃ ደሞዝ ይዋል» ይላሉ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ የጥበቃ ደሞዝ በየወሩ ያጨቃጭቀናል። ግን ኪራዩ ቁጥር አለው፣ የልጆቹ ልምምድ ቁጥር የለውም፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ቁጥር የያዘ ያሸንፋል። ጥበብ በብር አይለካም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በዚህ አልስማማም። እኛ ካልቆጠርነው ሌላው ዜሮ ብሎ ይቆጥረዋል።

ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ባህል ኢኮኖሚው ውስጥ ስንት ድርሻ አለው ሲባል ቶሎ የሚታየው ትኬት፣ አልበም፣ ማስታወቂያና ግብር የሚከፍል ድርጅት ነው። የኛ ባህል አብዛኛው እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ አንድ ነጠላ አንሱ። ጥጡን ቤቷ ቁጭ ብላ በእንዝርት የፈተለች እናት አለች፣ ድርና ማጉን ያዘጋጀ ልጅ አለ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን የዋለ ሰው አለ (ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ወይም የነሱ ልጆች ናቸው)፣ ጫፉን የቋጨች አለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ሱቅ የሚደርሰው። ከዚህ ሁሉ ሰው ደረሰኝ የሚቆርጠው ቢበዛ የመጨረሻው ነው። ሽመናው ስታቲስቲክስ ውስጥ ቢገኝ እንኳን የሚገኘው ማኑፋክቸሪንግ ስር ነው፤ ሠርግ ላይ ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትም የለም።

ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የባህል ስታቲስቲክስ ማዕቀፍ ዕደ ጥበብንም ክብረ በዓልንም ባህል ብሎ ይቆጥራል። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሸማኔው የዓመቱ ዋና ገበያ መሆኑን ማን ቆጠረ?

እዚህ ላይ ግን ከኛው ወገን ጋርም መነጋገር አለብኝ። ለበዓል የወጣ ብር ሁሉ ባህል የፈጠረው አዲስ ገንዘብ አይደለም። ቀሚሱ ባይገዛ ብሩ ለሌላ ነገር ይውል ነበር። ይህን ሳይቀንሱ አንዱን ብር አራት አምስት እጥፍ እያደረጉ ሪፖርት መጻፍ የሚጎዳው ራሱን ጥበቡን ነው፤ አንዴ ከተነቃ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ቁጥርም የሚያምን አይኖርም።

ሌላው ደግሞ «ጥበብ ራሱን ይቻል» የሚሉት ነገር ነው። ባውሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በደንብ አስረድተውታል። ፋብሪካ በማሽን ምርቱን ያሳድጋል፣ ደሞዝም አብሮ ያድጋል። አራት ሰው የሚጫወተውን ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ሰዓቱም ያው ነው። የሙዚቀኛው ደሞዝ ግን ከሌላው ሠራተኛ ጋር ማደግ አለበት፤ ስለዚህ ወጪው ከትኬቱ ገቢ እየቀደመ ይሄዳል። ቴአትር ቤት ድጋፍ ፈለገ ማለት ሰነፈ ማለት አይደለም።

ታዲያ ትኬት ካልነገረን ምን ይንገረን? አንዱ መንገድ ሰዉን መጠየቅ ነው፦ ይህ ነገር እንዳይዘጋ ስንት ትከፍላለህ? በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ኮፐንሃገኑ ሮያል ቴአትር የወጣ ጥናት እንዲህ ጠይቆ፣ ዴንማርካውያን ቴአትሩ ከመንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ ያላነሰ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚገርመው ቴአትሩን ረግጠው የማያውቁትም ብዙዎቹ ከፋይ ነበሩ። መኖሩን ብቻ ይፈልጉታል።

ይህንኑ ጥያቄ እንዳለ ቱሉ ዲምቱ ብናመጣው ግን የምንለካው ኪስን ነው፤ ኑሮው ከብዷልና ሰዉ ትንሽ ቁጥር ይጠራል፣ እኛም ጥበብ አይፈልግም ብለን እንጽፋለን። እዚሁ አገራችን ገጠር ውስጥ ለአፈር ጥበቃ ገበሬውን «ስንት ብር?» ከማለት «ስንት የሥራ ቀን ትሰጣለህ?» ብለው የጠየቁ ጥናቶች አሉ። ለኛም የሚሆነው እሱ ነው። ኮሚናሏን ማን ያጸዳል? ማን ቅዳሜ ልጆቹን ይጠብቃል? ማን ወንበር ያመጣል? የእድር ሰው ለጉልበትና ለጊዜ መዋጮ አዲስ አይደለም።

የታክሲውም ሒሳብ አለ። ሀገር ፍቅርም ብሔራዊ ቴአትርም መሃል ከተማ ናቸው። ከዚህ ልጅ ይዞ ለመሄድ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ከመሸ በኋላ መመለሻው ፈተና ነው። ልጆቹ እዚሁ ሲለማመዱ የሚተርፈው የትራንስፖርት ብርና ሰዓት ተደምሮ ከኪራዩ ጎን መቀመጥ አለበት።

እዚህ የምንኖረው ከየሰፈሩ በዕጣ ተለቃቅመን ነው። ብዙዎቻችን የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ ዓመታት አልፈዋል። ኮሚናሏ ደጃፍ ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች ግን ቡና መጠራራት ጀምረዋል፣ አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ልጆቿን ይዘውላት ሰነበቱ። ይህም ይጠየቃል፣ ይጻፋል፦ ልጅህ እዚህ ከጀመረ ወዲህ ስንት ጎረቤት በስም አወቅህ? ችግር ቢገጥምህ ማንን ታንኳኳለህ?

ለሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። ማከራየት የሚፈልጉትም እንዲሞሉት እፈልጋለሁ፣ የነሱም መልስ እኩል ይቆጠራል። በየብሎኩ ወረቀቱን የሚያዞር ሰው ያስፈልገኛል፤ የምትችሉ ቅዳሜ ጠዋት ኮሚናሏ ጋ ኑ።