ጧፍ ቆርጬ ስለ አንጎል ሳስረዳ
በራሪ ወረቀቱን የጻፍኩት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ጌም እየተጫወቱ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ፍለጋውን ያግዙ» ይላል። ይህቺን መስመር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ካፌ የኋላ ክፍሉን ለቅዳሜ ከሰዓት ፈቀደልኝ። አራት ላፕቶፕ ከጓደኞቼ ተዋስኩ። ጌሙ አይዋየር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ያኔ አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ከነበረው የአንጎል ተመራማሪው የሰባስቲያን ሱንግ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ተጫዋቹ በአይጥ ዓይን ሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ውስጥ ያለን የነርቭ ሴል ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከተለ ቀለም ይቀባል። የብዙ ሺህ ሰው ቅብ ሲገጣጠም የሴሉ ሙሉ ቅርጽ ይወጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሸፈ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሌክቸር ሰጠሁ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴል አለው ስል አንዱ ስልኩን እየነካካ ነበር። ወደ ጌሙ ስንደርስ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጠፋ።

በሳምንቱ ከጊዮርጊስ ደጃፍ አንድ እስር ጧፍ ገዛሁ። ፀሐይ ላይ አለስልሼ እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩትና በስለት እንደ ካሮት ቆራረጥኩት። የእያንዳንዱ ቁራጭ ፊት ላይ ክብ ክብ ሰም፣ መሐሉ ላይ የክር ነጥብ ይታያል። ቁራጮቹን በተርታ ደርድሬ «ይቺ ክር ቀጥሎ ባለው ቁራጭ ላይ የትኛዋ ናት?» አልኳቸው። ተመራማሪዎቹ የሚያደርጉትም ይኸንኑ ነው፤ ሬቲናውን እጅግ ስስ አድርገው እየላጩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ያነሳሉ። ክሩን፣ ማለትም የሴሉን ቅርንጫፍ፣ መከተል የተጫዋቹ ድርሻ ነው።

የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ምነው ልጄ፣ ጧፍ እንደ ጎመን ይከተፋል?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ተቀመጡ፤ ከዚያም ከሁሉም የበለጠውን ጥያቄ አመጡ። «ኮምፒውተር እያለ ሰው ለምን አስፈለገ?»

ሰሙ ቀልጦ ሁለት ጧፎች የተዋሃዱበትን ቁራጭ አሳየኋቸው። ድንበሩ ሲጠፋ ማሽኑ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ይዘላል፤ ወይም ክሩ ሳያልቅ ያቆማል። ሰው ግን ወደፊትም ወደኋላም አገላብጦ ያያል። እሱም ስለሚሳሳት ያው ቁራጭ ምስል ለብዙ ተጫዋቾች ይሰጥና ምርጫቸው ይነጻጸራል።

«አሃ፣ እንደ ሽምግልና ነው በለኝ» አሉ። አንድ ሽማግሌ አይበቃም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም የማስረዳው በእሳቸው ቃል ነው።

ወጣቶቹን የያዘቻቸው ሌላ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ ዓይን አንድ ነገር በየት አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ የሚለይበትን የሬቲና ነርቭ ሴሎች ትስስር የሚመረምር፣ ተጫዋቾቹን በጋራ ስማቸው ከደራሲዎቹ ተርታ አስፍሯቸዋል። ይህን ስነግራቸው ላፕቶፕ አነሰ። ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ደግሞ ጮክ ብለው ስለሚከራከሩ ስህተቱ የቀነሰ መሰለኝ። እንደ ደንቡ መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ጎልማሳ ወረቀቴን አጣጥፎ ይዞ መጣ። እናቱ ስሙን መርሳት ጀምረዋል። «መድኃኒቱ የት ደረሰ?» አለኝ።

አፌ ደረቀ። ስለ መርሳት በሽታ የነበረው ጌም ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሲ ሂሮ ክዌስት። ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ተጫውቶታል። እሱም ቢሆን ሰዎች መንገድ የማግኘት ችሎታቸውን ይለካ ነበር እንጂ መድኃኒት አይሠራም። የኔው ደግሞ የአይጥ ዓይን ነው። ይህን ሁሉ ሳልሸፋፍን ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን ጻፍከው?»

«ሰው እንዲመጣልኝ።»

ዝም አለ። ቆይቶ ሻይ አዘዘና ከአንድ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ክር ሲከተል አመሸ። እኔ ግን ያን ምሽት የተረፉትን ወረቀቶች አውጥቼ መስመሯን በእስክሪብቶ ሰረዝኳት፤ ከሥሯ «የአይጥ ዓይን ነርቭ ካርታ እንሥራ። መድኃኒት የለም፤ ሻይ አለ» ብዬ ጻፍኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የመጣው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። እኚያ እናት አንደኛዋ ነበሩ፤ ሳይከተፍ የተረፈ ጧፍ ካለ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።