ታቦቱ ሲወጣ

ጥር 13 ቀን

የጥምቀት ሰሞን በመጣ ቁጥር የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በመቅደስ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ የሚኖረው፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይቀርበው ታቦት ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንበሩ ተነሥቶ ይወጣል፤ አስፋልት ይሻገራል፣ በታክሲ ተራና በሥጋ ቤት ደጅ ያልፋል፣ ሌሊቱንም በሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ያድራል። እኛ ግን፣ ቢያንስ እኔና የእኔ ቢጤዎች፣ እስከ ጃን ሜዳ ሸኝተነው፣ ጥቂት ዘምረን፣ ፎቶ ተነሥተን ወደ ሞቀ አልጋችን እንመለሳለን። በማግስቱም ለርጭቱ ደርሰን በረከታችንን ተቀብለን እንሄዳለን። ከማደሪያው የወጣው ታቦቱ ብቻ ነው።

ምቾት የለመደ እምነት ስል ክህደትን ወይም ግዴለሽነትን ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ አማኝ እንዲያውም ሥርዓት አክባሪ ነው፤ የጥምቀትን ዋዜማ ጾም፣ ገሃድን፣ አይሽርም፣ ስለቱን በጊዜው ያስገባል፣ የንስሐ አባቱን በዓመት በዓል አይረሳም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አድራጎቱ የኑሮውን አንዲት ጥግ እንኳ አያናጋበትም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆምበት ዓምድ የታወቀ ነው፤ የሚመጸውተው ለማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የማይጠይቀው ጎረቤትና ሰላምታ የነሣው ወንድምም እንዲሁ የታወቁ ናቸው። ስለ ማን እንደማወራ የሚያውቁኝ አያጡትም።

በዓሉ የሚያስበው ታሪክ ራሱ ግን ለእንዲህ ያለው አማኝ አይመችም። ጌታ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው ከገሊላ ተነሥቶ ወደ ዮርዳኖስ ወረደ። ወንዙ ወደ ሙት ባሕር የሚገባበት ሸለቆ በየብስ ላይ ካለው ስፍራ ሁሉ ዝቅተኛው ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። እዚያ ወርዶ የተሰለፈው ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ ከሚጠመቁት ሰዎች ጋር ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስ እንኳ ነገሩ ከብዶት «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል፤ አንተም ወደ እኔ ትመጣለህን?» ብሎ ሊከለክለው ሞከረ። ወደዚያ ወንዝ ዳር የመጣውን ሕዝብ ዮሐንስ እንዴት እንደተቀበለው ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንኳን ደህና መጣችሁ አላላቸውም፤ «አብርሃም አባት አለን» ማለትን አትጀምሩ፣ እግዚአብሔር ከእነዚህ ድንጋዮች ለአብርሃም ልጆች ሊያስነሣለት ይችላል ነው ያላቸው።

ይህ ቃል እኛን የሚመለከት አይመስለንም፤ እኔ ግን የኢትዮጵያን ክርስቲያን ያህል የሚመለከተው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በ4ኛው መቶ ዘመን መሆኑን እንተርካለን፤ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀታችንን ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር በመዘገበ ጊዜ ሁላችንም ኮርተናል፤ እኔም ዜናውን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ከላኩት አንዱ ነኝ፤ አሁንም ቢሆን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያ ሁሉ ክብር፣ በዮሐንስ ፊት ቆመን ብንቆጥረው፣ «አብርሃም አባት አለን» ከማለት በምን ይለያል?

ሕዝቡ ደንግጦ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብሎ ሲጠይቅም የተሰጠው መልስ ረቂቅ አልነበረም፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ ያድርግ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሳልወድ ፈገግ እላለሁ፤ ስለ ጥምቀትና ስለ ልብስ ሲነሣ እኛ ቀድሞ የሚመጣልን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ነውና። እናቴ ይህን እያለች ነበር አዲስ የምታለብሰን። ተረቱን አልንቀውም፤ ለበዓል ማማር አምልኮ ነው፣ ጥበብ ለብሶ ታቦት የሚያጅብ ሕዝብ ከማየት የበለጠ ውበትም በዓመቱ ውስጥ አላውቅም። ሆኖም ከሁለቱ ቃላት አንዱን ብቻ በቃላችን መያዛችን ሳይገርመኝ አይቀርም።

ዘንድሮ እንግዲህ ከታቦቱ ጋር ለማደር ወሰንሁ። ታቦታቱ በዋዜማው ወርደው በውኃው ዳር እንዲያድሩ ሥርዓት የሠሩት በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፤ የጥር ሌሊት ብርድ በእርሳቸውም ዘመን እንዲህ ከሆነ ትእዛዙ ቀላል አልነበረም። አመሻሹ ላይ ሜዳው በዝማሬና በጭብጨባ ሞቆ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት ግን የአብዛኛው ሰው ጉጉት በርዶ፣ የቀረነው በየድንኳኑ ዙሪያ ላስቲክ አንጥፈን ኩርምት ብለን የተቀመጥን ነበርን፤ ከውስጥ የማኅሌቱ ከበሮና ጽናጽል ይሰማል። እኔ የለበስሁት ቀጭን ጃኬትና ከላዩ ያጣፋሁት ነጠላ ነበር። አጠገቤ ከሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ጋር የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይቺን ፌስታል ጠብቅልኝ» ብለውኝ ሄደው ሲመለሱ መንቀጥቀጤን አዩና ጋቢያቸውን ከፍተው ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎን ይበርድዎታል» አልኋቸው።

«እኔ ለምጄዋለሁ፤ እንግዳው አንተ ነህ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው የሚታየውን መናገራቸው ነው። በዚያች አገልግል በሞላባት ክብ ውስጥ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የትኛው አዛውንት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሜዳ ላይ ጥምቀትን ሳከብር ኖሬ።

ንጋት ላይ ውኃው ተባርኮ፣ ርጭቱም አልቆ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች አሉ፤ ካህናቱ ያለፉበትን ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሕዝቡ መካከል እየሮጡ ከፊት መልሰው ይዘረጉታል፤ ይህንንም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሳያርፉ ይደጋግሙታል። አንዱ ደክሞት ኖሮ የምንጣፉን ጫፍ አስያዘኝና ጠፋ። «ጋሼ፣ ይጠቅልሉት እንጂ አይጎትቱት!» ይለኛል ሌላው፤ ጎንበስ እንዳልሁ ስንት መንገድ እንደሄድሁ አላውቅም። ከዚያ ሥራ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልመስክር፦ ምንም አይታይም። ድባብ ጥላው፣ የካህናቱ አክሊል፣ ታቦቱ የተሸፈነበት ግምጃ አይታይም። የሚታየው አስፋልት፣ የምንጣፉ አቧራማ ጀርባ፣ ከተሸካሚዎቹም እግራቸውና የካባቸው ጫፍ ብቻ ነው። እልልታው ከላይ ይሰማል። እነዚያ ልጆች ይህን በዓል ዓመት ዓመት ያከበሩት እንዲህ ሆነው መሆኑን ሳስብ፣ ጥሩ ቦታ ይዤ በስልኬ የቀረጽኋቸው ምስሎች አሳፈሩኝ ማለት ባይቻልም ዋጋቸው ወረደብኝ።

እግረ መንገዴን ስለ እነዚህ ወጣቶች አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ቲሸርት አሳትመው መጮህ ይወዳሉ የሚለውን ሐሜት እኔም ስለምጋራው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ቢነሣም ሜዳው የበሰበሰ ጎመንና ሽንኩርት ከጭቃ ጋር የተለወሰበት ሆኖ ቀረ፤ ታቦት የሚያድርበት እስኪመስል ድረስ በአካፋና በመጥረጊያ ካጸዱት ብዙ እጆች መካከል የእነዚህ ዓይነት ልጆች እጅ ነበረበት። እኔ በዚያ ሳምንት ጽዳቱን በቴሌቪዥን ነው የተከታተልሁት።

ትናንት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ወንጌለ ማርቆስን ገለጥሁ። የጥምቀትን ታሪክ በልቤ ሁልጊዜ የምጨርሰው ከሰማይ በመጣው ድምፅ ነበር፤ «የምወደው ልጄ» ከተባለ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣልኝ የቃናው ሰርግ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ስለሚከበር ይሆናል። ማርቆስ ግን ትንፋሽ እንኳ ሳይሰጥ «ወዲያውም መንፈስ ወደ ምድረ በዳ አወጣው» ይላል። ያው በርግብ አምሳል የወረደው መንፈስ መሆኑ ነው። የተወደደ ልጅ መባሉና በአራዊት መካከል አርባ ቀን መፈተኑ ተከታትለው የተጻፉ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚታረፍበት ቦታ የለም።

ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ አንዱ ትናንት ስልኬን ተቀብሎኝ ነበር። ልጆቹ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰፈሩ ጠያቂ የሌላቸውን፣ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞሩ ልብስ ያጥባሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ። ዛሬ ጠዋት ደወለና እመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። እመጣለሁ፣ መኪና ስላለኝ ዕቃ ማመላለስ እችላለሁ አልሁት።

«ሁሉም እዚሁ ሰፈር ነው ጋሼ፤ መኪና አያስፈልገንም» አለኝ። «የጎደለን አጣቢ ነው። የሚቆሽሽ ልብስ ይልበሱ፤ ከቻሉ ሳሙናም ይያዙ።»