ከሆሳዕና እስከ ቀዳም ስዑር

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! ቄጤማውን ከራሴ ላይ ሳልፈታ ነው የምጽፍላችሁ። ዶሮ ወጡ ተጥዷል፤ ለመፈሰክ ገና ሰዓታት ይቀራሉ።

ዘንድሮ ከሐሳቤ አልወጣ ያለችው አንካ ናታኖቫ ናት። ቼክ አይሁዳዊት ነበረች። ናዚዎች አይሁዶችን ባጎሩበት ቴሬዚን ጌቶ ለ3 ዓመት ያህል አቆዩአት። እዚያ አረገዘች። ሲታወቅባት ሕፃኑ እንደተወለደ ለግድያ እንድታስረክብ አስፈረሟት። ልጁ ተወለደ፤ ሳይወስዱት በ2 ወሩ የሳንባ ምች ነጠቃት።

ደግማ አረገዘች። በ1944 (እ.ኤ.አ.) ባሏን አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ሲወስዱት በፈቃዷ ተከተለችው። ዳግም አላየችውም፤ ማርገዟን እንኳ ሳይሰማ ገደሉት። አውሽዊትዝ ሕፃን የታቀፈች እናት በቀጥታ ወደ ጋዝ ክፍል ነበር የምትላከው። የአንካ እጅ ባዶ ነው፤ ሆዷም ገና አልገፋም። አሳለፏት። ያ ልጅ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እሷም፣ በሆዷ ያለችውም አይተርፉም ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ማንበቤን አቆማለሁ።

ከዚያ ጀርመን፣ ፍራይበርግ፣ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የግዳጅ ሥራ። መጨረሻ ላይ ክፍት በሆነ የከሰል ባቡር 17 ቀን። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ አያትና ደነገጠ። ከአጥንትና ከሆድ በቀር ምንም የላት! አንድ ብርጭቆ ወተት ሰጣት። ጠባቂው አለንጋውን አነሣ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መልሶ አወረደው። ጠጣች። አንካ ወተት አትወድም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልጠጣችም። እኛ 55 ቀን ስለተለየነው ስንቴ አጉረመረምን?

ማውትሃውዘን የተባለው የናዚ ካምፕ በር ላይ፣ ጋሪ ላይ ምጧ መጣ። «ማርያም ማርያም» የሚልላት፣ ገንፎ የሚያገነፋላት የለም። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝን ሴት ልጅ ተወለደች። በጋዜጣ ጠቀለሏት። ስሟን ኤቫ አለቻት።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ሆነ። እሑድ። የዚያ ዓመት ፋሲካችን ሚያዝያ 28 ነበር፤ ስለዚህ ሆሳዕና ማለት ነው! አሜሪካኖቹ ካምፑን ነፃ ሊያወጡ የደረሱት ደግሞ ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ። እኛ የድል በዓላችንን የምናከብርበት ቀን፣ ያውም ቀዳም ስዑር። አንካ የእኛን ሰሙነ ሕማማት አታውቀውም፤ እኔ ነኝ ቆጥሬ የተገረምኩት።

አንካ እስከ 96 ዓመቷ ኖራ በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አረፈች። ኤቫም አድጋ ታሪኩን ለተማሪዎች ስትናገር ኖራለች።

ወጡ ተንተከተከ፣ ልሂድ። አራስ ያላችሁ፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። መልካም ፋሲካ!