ለስላሳ ኤሌክትሮኒክ ድሬ ላይ ያስጨፍራል? የልምምድ ማስታወሻዬ

ዲጄነት እየተለማመዳችሁ ላላችሁ ጓደኞቼ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለ አንድ ክለብ ዋናው ዲጄ እስኪመጣ ያሉትን ሰዓታት ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ነፍሴ የምትወደው ለስላሳውን ኤሌክትሮኒክ ነው። ቀስ የሚል፣ የሚንሳፈፍ፣ የማይጮህ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። ይሄ ሙዚቃ ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል ወይስ ያስተኛል?

ያስነሳል። ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት። መለስለስ ያለበት ከላይ ያለው ነው፤ ኪቦርዱ፣ ዜማው፣ የዘፋኙ ድምፅ። ከታች ያሉት ኪክ (ዱም ዱም የሚለው ወፍራም የከበሮ ምት) እና ቤዝ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ግን ፈርጠም ማለት አለባቸው። ይሄ ከተለየልኝ በኋላ ትራክ አመራረጤ መልክ ያዘ።

"ለስላሳ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ አምቢየንት አለ። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአየር ማረፊያ ብሎ ያወጣው አልበም ነው ይህን ዓይነቱን በስሙ ያስተዋወቀው። ከበሮ የለውም። ሲጀመርም የተሠራው ከጀርባ ሆኖ ቦታውን እንዲሞላ ነው። አንድ ቅዳሜ ገና በጊዜ እንዲህ ያለ ትራክ ላይ እያለሁ አንድ ደንበኛ ቢራውን እንደያዘ መጣና "አቦ፣ ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?" አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ። ቢቱን እየጠበቀ ነበር። ልክ ነው፤ እግር የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። አምቢየንትን እቤት ሆኜ እስከ ንጋት እሰማዋለሁ፤ ለጭፈራ ግን አይሆንም። በዚህ ላይ አልከራከርም።

መሃል ላይ ከ80 እስከ 110 ቢፒኤም (በደቂቃ የሚመታው ምት ብዛት) የሚሄደው ዳውንቴምፖ አለ። ከዚያ ከፍ ሲል ዲፕ ሃውስ ይመጣል። ሃውስ የተወለደው ቺካጎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ ያጫውትባቸው በነበሩ ክለቦች አካባቢ። ትንሽ ቆይቶ የዚያው ከተማ ልጅ ላሪ ሄርድ በዚያው ቢት ላይ ረጋ ያሉ፣ ሞቅ ያሉ የኪቦርድ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) አነጠፈበት። ልብ በሉ፣ ኪኩን አላነሳውም። አራቱም ምት ላይ እንደቆመ ነው። ያለሰለሰው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ለስላሳ ኤሌክትሮኒክ ከክለብ ውጭ ተሠርቶ ኋላ ወደ ክለብ የመጣ እንግዳ አይደለም። አንዱ ቅርንጫፉ እዚያው ጭፈራው መሃል ነው የበቀለው።

"ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ሰው አይጨፍርም" የሚለውንም አማፒያኖ መልሶታል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ይህ ሙዚቃ ከ110 እስከ 115 አካባቢ ነው የሚሄደው፤ ከተለመደው ሃውስ ይዘገያል። ፒያኖው ለስላሳ ነው፣ ሻከሩ ይንሾካሾካል። ሎግ ድራም የሚሉት ያ ወፍራም ቤዝ ሲገባ ግን ድሬ ላይ ወንበር ላይ የሚቀር ሰው አላየሁም።

ነገሩን ያጠኑትም አሉ። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እውነተኛ ኮንሰርት ላይ ሙከራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። ከ8 እስከ 37 ኸርዝ ያለውን፣ ጆሮ ለይቶ የማይሰማውን ጥልቅ ቤዝ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየሁለት ደቂቃ ተኩል እያበሩ እያጠፉ የታዳሚውን እንቅስቃሴ ለኩ። ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰው 11.8 በመቶ ያህል የበለጠ ተንቀሳቀሰ። ስፒከሮቹ መቼ እንደበሩ ግን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰውነትን የሚያነሳሳው ምቱ መጠነኛ ወጣ ገባ ሲኖረው ነው ይላል። በጣም ቀጥ ያለ ይሰለቻል፣ በጣም የተወሳሰበ ያደናግራል። ሁለቱም ጥናቶች ስለ ጩኸት አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ቤዝና ስለ ምት አቀማመጥ ነው። ለስላሳ ትራክ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ፤ ሁሉንም የሚወስነው ሰዓቱ ነውና።

ቀን ሙቀቱ አያስወጣም። ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ። ሁሉም ይቅማል ማለቴ አይደለም፤ የከተማው ውሎ ግን በዚያ የተቃኘ ነው። ከበርጫ የተነሳ ሰው ምርቃና ላይ ነው። ያዳምጣል፣ ያስባል፣ ድምፅ ሲበዛበት ይረበሻል። ከዚያ ነው ለጨብሲ ብቅ የሚለው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ክለብ የሚገባን ሰው በ128 ቢፒኤም ብትቀበሉት ተነስቶ ውጭ ግቢው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በ100 ወይም በ105 የሚሄድ፣ ቤዙ ሞላ ያለ ትራክ ብትሰጡት ግን የመጀመሪያውን ቢራ ሳይጨርስ አንገቱ መወዝወዝ ይጀምራል።

በዚያ ሰዓት እኔ ፊት አላይም። ጠረጴዛ ሥር ነው የማየው። መጀመሪያ ተረከዝ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቀጥሎ ጉልበት። ትከሻ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ትከሻ ከመጣ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነሱት ሴቶች ናቸው። ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ትተው ሁለት ሦስት ሆነው ይነሳሉ፤ መጠጣቸውን ግን ይዘው ነው። መጠጡ እጃቸው ላይ እስካለ ድረስ ገና እየሞከሩ ነው። ሄደው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ያን ጊዜ ነው ጭፈራው የተጀመረው።

እዚያ ነጥብ ላይ ፍጥነት አልጨምርም። ቤዙን ነው የምለቀው። እስከዚያ ድረስ የኮንትሮለሩን (የማጫወቻ መሣሪያዬን) የሎው ቁልፍ፣ ማለትም የቤዙን መጠን የሚቆጣጠረውን፣ ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው የማቆየው። ሰዎቹ መጠጣቸውን ሲያስቀምጡ በአንድ ሀረግ መጨረሻ፣ አዲሱ ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ሲጀምር፣ ወደ መሃል እመልሰዋለሁ። ያው ትራክ ነው፣ ያው ፍጥነት ነው፤ ክፍሉ ግን ይለወጣል። ይህን ያሳየኝ ዋናው ዲጄ ነው። እሱ ራሱ ለስላሳ አይወድም፤ የቁልፉን ሥራ ግን አሳምሮ ያውቀዋል።

ስለ ግቢው ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ ሄቨን የሚባል ክለብ ላይ ዋናው አዳራሽ ሲጨፈርበት ከጎን ባለ ክፍል ለስላሳ ሙዚቃ ብቻ ማጫወት ተጀመረ። የደከመው እዚያ ገብቶ ያርፋል። ቺል አውት የሚባለው ልማድ በዚህ ነው የታወቀው። እነሱ ለስላሳውን ከጭፈራው በግድግዳ ለዩት። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አንድ አዳራሽና አንድ ግቢ ነው ያለው፤ ሙዚቃውም አንድ ነው። ስለዚህ በክፍል መለየት ካልተቻለ በሰዓት መለየት ነው ያለው መፍትሔ። ለስላሳው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ዋናው ሰው ይረከባል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ለስላሳ ልጫወት ብላችሁ ከማንም ጋር አትሟገቱ። ያ ሰዓት የሌላ ሙዚቃ ነው።

ለስላሳ ዜማ ለጭፈራ አይሆንም የሚል የድሬ ልጅ ግን ይገርመኛል። ዙሪያችንን እንይ እንጂ! የሶማሌ ዳንቶ ፍጥነቱ ሬጌን ያስታውሳል፤ ሰዉ ግን ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚጨፍረው። የሐረርጌው ሸጎዬ አለ። እዚሁ ድሬ ተወልዶ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው ዓሊ ቢራ ድምፁን ሳያስጮህ ነው ሕዝብ ያስነሳው፤ ዛሬም ሰርግ ላይ ሲከፈት የሚቀመጥ የለም። ጆሯችን ከድሮም ለስላሳና ጭፈራን አላጣላም።

የአገራችን ኤሌክትሮኒክም ብዙ ረድቶኛል። መክፈቻ ላይ ኃይሉ መርጊያን እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሲንቴሳይዘርና በድራም ማሽን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሟል። ምቱን የሚይዘው ማሽን ስለሆነ ከድሮ የባንድ ቅጂዎች ይልቅ ለማጣጣም ይቀላል። የባንድ ቅጂ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከእጅ ይወጣል። ሚካኤል ሰይፉና በኢትዮጵያን ሪከርድስ ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ደግሞ አገርኛ ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ጋር ያዋሃዱ ናቸው። ሥራቸውን በጣም ነው የማከብረው። ክለብ ላይ ግን ሙሉውን አላጫውትም። ምቱ የበሰለበትን ክፍል ሉፕ አድርጌ (እየደጋገመ እንዲዞር አድርጌ) ከዲፕ ሃውስ ጋር አስተሳስረዋለሁ፤ ሰው ማሲንቆ ሲሰማ ቀና ይላል።

ይሄ ማስተሳሰር የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛ ቅኝት ነው። ለስላሳ ትራክ ላይ ረጃጅም ኮርዶች ስላሉ የዜማ ግጭት ወዲያው ይሰማል። ጠንካራ ቴክኖ ላይ ያው ግጭት ይደበቅ ነበር። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች፣ ከዶ ብትነሱ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ከዚያው መነሻ ድምፅ ከሚነሳ ሜጀር ኮርድ ጋር ይስማማሉ። አንቺሆዬ ግን እሺ አይልም። ድምፆቹ መሃል ያሉት ጠባብ ክፍተቶች ከኮርዱ ጋር ይፋጫሉ። አንቺሆዬ ላለበት ዘፈን እኔ ከሥሩ ከበሮና ቤዝ ብቻ ነው የማስቀምጠው፤ ኮርድ አላስጠጋም።

ሁለተኛ ምት ነው። ችክችካ በ6/8 ነው የሚሄደው፣ ሃውስ በ4/4። የችክችካው ትልቁ ምት ከሃውሱ ኪክ ጋር በፍጥነት እኩል ከሆነ አብረው ይወድቃሉ። በምቶቹ መሃል ግን አንዱ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፣ ሌላው አራት። ሃይሃቱ (ጺ ጺ የሚለው ቀጭኑ የከበሮ ድምፅ) ላይ ነው ግጭቱ የሚሰማው። ስለዚህ ሃውሱን ሃይ ቁልፉን (የቀጭኑን ድምፅ መቆጣጠሪያ) ዘግቼ፣ ኪኩን ብቻ አስቀርቼ ነው ከችክችካ ጋር የማገናኘው። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ነገር ያምራል። ሰዉም እስክስታውንና የክለብ ዳንሱን ባንድ ላይ ያስኬደዋል።

ስለ ስፒከር አንድ ሁለት ነገር ልበል። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ቤዝ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ሰብዉፈሩን (የቤዝ ስፒከሩን) ጥግ ላይ ብትገፉት ግድግዳዎቹ ያግዙታል፣ ቤዙ ይወፍራል። አንዳንዴ ከልክ በላይ ይወፍርና ያጉረመርማል። ግቢ ላይ ግን የሚያግዘው ግድግዳ የለም፤ ቤዙ ሜዳ ላይ ይበተናል። አዳራሹ ውስጥ ያስጨፈረው ያው ትራክ ግቢው ላይ የካፌ ሙዚቃ ይሆናል። "ለስላሳ አይሠራም" የሚሉ ብዙ ሰዎች የሰሙት ለስላሳውን ሙዚቃ ሳይሆን ቤዝ የሌለውን ስፒከር ነው ብዬ አምናለሁ። ዘፈኑን ከመጣላችሁ በፊት ሰብዉፈሩ የቆመበትን ቦታ እዩ።

የፋይል ጥራትም አለ። ከቴሌግራም የሚወርደው 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ጭፈራ በጩኸት ሲሞላ ያልፋል። ለስላሳ ትራክ ላይ ግን አያልፍም። ረጅሙ የኪቦርድ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይንሿሿል። ቢያንስ 320 ፈልጉ፤ አቅም ካለ ትራኩን ግዙት፣ ሠሪውም ይጠቀማል።

አሁን እየሠራሁበት ያለሁት የመጨረሻውን ሰዓት ነው። ክለቡ ሊዘጋ ሲል፣ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ፣ ዋናው ዲጄ የመጨረሻዎቹን ትራኮች ለእኔ መተው ጀምሯል። ፍጥነቱን ከ125 ወደ 100 ሰው ሳይሰማው ማውረድ ነው ፈተናው። በእያንዳንዱ ትራክ ሁለት ሁለት ቢፒኤም ብቀንስ በቂ ጊዜ የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ኪክ የሌለው አጭር ክፍል አስገብቼ፣ ከሱ ሥር አዲሱን ፍጥነት አስጀምራለሁ። ዳንቶ የሚመስል ምት ያለው ትራክ ከዚያ ክፍል ቀጥሎ ሲገባ ጥሩ ይይዛል። ከ95 እስከ 105 ባለው ውስጥ ቤዙ ሞላ ያለ፣ በተለይ የሶማሌ ወይም የኦሮሞ ድምፅ ያለበት ኤሌክትሮኒክ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ቅዳሜ እሞክረውና እንዴት እንደሆነ እጽፍላችኋለሁ።