የዱር ስንዴ ፍለጋ ወደ ካራጃዳግ

የቱርክ ከተማ ሻንሊኡርፋ የገባሁት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የሆቴሉ ክፍል ማቀዝቀዣ አይሠራም፤ መስኮቱ የሚከፈተው ደግሞ ወደ ማእድ ቤቱ የጭስ መውጫ ነው። የሰኔው ወበቅ ከተጠበሰ በርበሬ ሽታ ጋር ተደባልቆ እስኪነጋ እንቅልፍ ነሳኝ። ጠዋት ባለታክሲው ጥንታዊ የድንጋይ ምሰሶዎች ወዳሉበት ጎቤክሊ ቴፔ ለማድረስ የጠየቀኝ ሒሳብ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከከፈሉት እጥፍ ነበር፤ ያውም ለ15 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ። በእንግዳ ላይ እንዲህ ሲደረግ አንጀቴ ያርራል።

ምሰሶዎቹን ሳይ ግን ንዴቴ በረደ። ክላውስ ሽሚት የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ቅርስ ተመራማሪ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መቆፈር የጀመረው ይህ ስፍራ ከ11,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አንዳንዱ ምሰሶ 5.5 ሜትር ይረዝማል፤ ቀበሮና ጊንጥ ተቀርጾበታል። ከአፈሩ የወጣው አጥንት የሜዳ ፍየልና የሌላ አውሬ እንጂ የለማዳ ከብት አይደለም። ይህን ድንጋይ ጠርበው ያቆሙት ሰዎች ገና ሞፈር አልጨበጡም፤ አድነውና ለቅመው ነው የበሉት።

እኔን ከአገሬ ያስወጣኝ ግን ሣሩ፣ ማለትም የዱር ስንዴው ነው። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ አይንኮርን ለሚባለው ጥንታዊ ስንዴ የቅርብ ዘመዱ በካራጃዳግ ተራራ የሚበቅለው የዱር ዝርያ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ዲያርባኪር ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ ወረድኩ።

በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል በጎቹን የሚጠብቅ ሽማግሌ አየኝ። በቋንቋ አልተግባባንም፤ የምፈልገውን በእጄ ሳሳየው ግን አይራን የሚባል ቀዝቃዛ የእርጎ መጠጥ አጠጥቶኝ ራሱ እየመራ ወሰደኝ። ገንዘብ ስሰጠው እጄን መልሶ ወደ ኪሴ ከተተው።

ዛላው ከጣቴ አይረዝምም፤ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው። ገና ስነካው መዳፌ ላይ ረገፈ። የዱሩ ስንዴ ሲደርስ ራሱን በራሱ ይዘራል። ሰው የሚያጭደው ያልረገፈውን ነው፤ መልሶ የሚዘራውም እሱኑ። በብዙ ትውልድ ውስጥ ማጭድና አውድማ የሚጠብቀው ዓይነት በዛ። አገር ቤት ገበሬው ሳይዘራው ከገብሱ ጋር የሚታጨደውና የሚወቃው ስናር በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ዘሩን ከዱር ዘመዱ አጥብቆ ይይዛል።

ጃክ ሃርላን የተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አካባቢ የዱር ስንዴ ለቅሞ በሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ንጹህ እህል አግኝቷል። በእጁ ላይ የረገፈለት ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ስንዴው ከቆላው ጀምሮ ወደ ላይ እየተከተለ ነው የሚደርሰው። ዘግይቶ የሄደ ሰው ግርጌው ላይ ባዶ አገዳ ቢያገኝ ተስፋ አይቁረጥ፤ ከፍ ይበል።