እንቁላል ስላለ ንግሥት አለች ማለት አይደለም

ዘመናዊ ቀፎ ገዛሁ፣ ሰም አነጠፍኩ፣ ንቦቹን ከባህላዊው ቀፎ አዛወርኩ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው፣ ሥልጠናውም በደንብ ያሳያችኋል። የማያሳያችሁ ንግሥቲቱ ስትሞት የሚመጣውን ጣጣ ነው።

የእኔዋ በዝውውሩ ሰሞን ጠፋች። ቆይቶ የመጣው ባለሙያ ቀፎውን ከፍቶ «እንቁላል አለ፣ ስለዚህ ንግሥት አለች» አለኝና ከድኖት ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል! አንዱን ፍሬም፣ ማለትም ሰሙ የተነጠፈበትን የእንጨት ማዕቀፍ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ ቢያይ ኖሮ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት እንቁላል ያገኝ ነበር፣ ያውም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። ንግሥት ሆዷ ረጅም ስለሆነ አንዷን እንቁላል ከሥር ወለሉ ላይ ታኖራለች። እንዲህ የሚያዝረከርኩት ሠራተኛ ንቦቹ ናቸው።

ሠራተኛ ንብ ሴት ናት፤ ግን ከወንድ ጋር አትገናኝም። ንግሥትም እጭም ሲጠፋ አንዳንዶቹ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። የእንቁላል ጣይዋ ሠራተኛ 32 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር) በግማሽ ይከፈልና እንቁላሉ 16 ብቻ ይዞ ይወጣል፣ የቀረውን የሚሞላለት አባት የለም። ቢሆንም አድጎ ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ፣ ይሆናል። ይገርማችኋል፣ ይሄ ድንጉላ አባት የለውም፣ ወንድ አያት ግን አለው። በደቡብ አፍሪካዋ የኬፕ ንብ ደግሞ ከክፍፍሉ በኋላ ሁለቱ ግማሾች መልሰው ይዋሃዱና 32 ይሞላል፣ ያለ አባት ሴት ትወለዳለች። የእኔዎቹ እንደዚያ ቢሆኑ ንግሥት ያሳድጉ ነበር። እነሱ ግን ድንጉላ ብቻ ፈለፈሉ። ድንጉላ አይቀስም፣ ማር አይሠራ፣ ይበላል እንጂ።

ባለሙያው እንደገና ሲመጣ «አዲስ ንግሥት አስገባ» አለ። አስገባሁ፣ ገደሏት። «እንግዲያው ራቅ አድርገህ አራግፋቸው፣ እንቁላል ጣይዋ በርራ መመለስ አትችልም» አለ። አትስሙት። አንድ ብቻ አይደለችም፣ ብዙ ናቸው፣ መብረርም ይችላሉ።

የሠራልኝ ሌላ ነው። ከጠንካራው ቀፎ እንቁላልና ትንንሽ እጭ ያለበትን ፍሬም፣ ንቦቹን ጠርጌ፣ በየሳምንቱ አስገባሁ። ጠንካራውን ቀፎ መበዝበዜ ቢቆጨኝም የእጩ ጠረን የሠራተኞቹን እንቁላል መጣል ያፍነዋል፤ ውሎ አድሮም ከዚያው እጭ ራሳቸው ንግሥት ማሳደግ ጀመሩ። የቀሩት ንቦች አንድ ሁለት ፍሬም ብቻ የሚሸፍኑ ከሆነ ግን አትልፉ፣ ከሌላ ቀፎ ጋር ቀላቅሏቸው።